የባዕድነት ዋጋ

በ1848 ሰኔ ማብቂያ ላይ (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ራናልድ ማክዶናልድ የሚባል የ24 ዓመት ወጣት ዓሣ ነባሪ ከሚያድን መርከብ ላይ በትንሽ ጀልባ ወርዶ ብቻውን ወደ ጃፓን ሰሜናዊ ደሴቶች ቀዘፈ። ጃፓን ያን ጊዜ ደጃፏን በባዕድ ላይ ከዘጋች ሁለት መቶ ዓመት አልፏት ነበር፤ ሳይፈቀድለት የገባ ሰው በሕይወት ስለ መመለሱ ዋስትና አልነበረውም። ማክዶናልድ ይህን ያውቃል። አባቱ ስኮትላንዳዊ የንግድ ኩባንያ ሹም፣ እናቱ ደግሞ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ከሚኖሩት ከቺኑኮች ወገን ነበረች። ይህችን የተዘጋች አገር ለማየት ከልጅነቱ ጀምሮ ይመኝ ስለነበር መርከብ እንደተሰበረበት ሰው ሆኖ ገባ።

እንደ ፈራው አልገደሉትም። ይዘው፣ ከአንዱ ሹም ለሌላው እያስረከቡ፣ እስከ ናጋሳኪ አደረሱትና በአንዲት ጠባብ ቤት ዘጉበት። እዚያ አሥራ አራት የመንግሥት አስተርጓሚዎች ይመጡበት ጀመር። ሰዎቹ ደችኛ አሳምረው ያውቃሉ፤ የእንግሊዝና የአሜሪካ መርከቦች በባሕራቸው ላይ እየበዙ በመምጣታቸው ግን እንግሊዝኛ የግድ ሆኖባቸዋል። ተራ በተራ እየተቀመጡ ጮክ ብለው ያነቡለታል፤ እሱ አፍ አፋቸውን እያየ አነጋገራቸውን ያርማል። «ል» እና «ር» እንዴት እንዳስቸገሯቸው ኋላ በጻፈው ማስታወሻ ላይ አስፍሮታል። ከተማሪዎቹ አንዱ ሞሪያማ ኤይኖሱኬ ነበር፤ በ1854 የአሜሪካው ኮሞዶር ፔሪ የጦር መርከቦቹን አሰልፎ ውል ሲያስፈርም በአስተርጓሚነት የቆመው ይኸው ሰው ነው።

የማክዶናልድ ደመወዝ ምግብና መኝታ ብቻ ነበር። በ1849 ሚያዝያ አንዲት የአሜሪካ የጦር መርከብ መጥታ ወሰደችው። በጃፓን ምድር እንግሊዝኛን በአፍ መፍቻነት ከሚናገሩ ሰዎች የመጀመሪያው አስተማሪ እሱ እንደሆነ ይቆጠራል። እስረኛ ሆኖ ጀመረ፤ ባዕድ እምብዛም በማይገኝበት አገር ያስፈለገው በባዕድነቱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት አልሞላም፤ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። በ1868 የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ሲመለስና የሜይጂ ዘመን ሲጀምር፣ አዲሶቹ ሹማምንት ባቡሩንም፣ ሕጉንም፣ ሕክምናውንም፣ ቋንቋውንም በአንድ ትውልድ ለመያዝ ቆርጠው ተነሡ። ለዚህ በሺዎች የሚቆጠሩ ባዕዳን ቀጠሩ፤ የከፈሉት ገንዘብም ዛሬ ሲያነቡት ያስደነግጣል። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊባል የሚችለው ሳንጆ ሳኔቶሚ የወር ደመወዙ 800 የን ነበር። የገንዘብ ማተሚያ ቤቱን የሚመራው እንግሊዛዊ ዊሊያም ኪንደር 1,045 የን ይከፈለው ነበር። በ1859 በሚስዮናዊነት ናጋሳኪ ደርሶ እንግሊዝኛና መጽሐፍ ቅዱስ ሲያስተምር የኖረው በትውልድ ሆላንዳዊ የሆነው ጊዶ ፍርቤክ፣ ወደ ቶኪዮ ተጠርቶ የመንግሥቱን ትምህርት ቤት ሲይዝ 600 የን ተቆረጠለት። ይህ የመንግሥቱ ሁለተኛ ሰው ኢዋኩራ ቶሞሚ የሚያገኘው ልክ ነው። አንድ አስተማሪ ከሚኒስትር እኩል የተከፈለበት ዘመን በታሪክ ስንት ጊዜ ይገኛል?

ይሁንና ገንዘቡ ሁልጊዜ ለዕውቀት አልተከፈለም። ከ1871 ጀምሮ በፉኩይ ያስተማረው አሜሪካዊው ዊሊያም ግሪፊስ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቶኪዮ ውስጥ «መምህር» ተብለው የተቀጠሩት ሰዎች ከየት እንደ መጡ ሳይሸፋፍን ጽፏል፦ ከመርከብ፣ ከሱቅ ባንኮኒ፣ ከጦር ሰፈር፣ ከከብት ማረጃ ጭምር። እንግሊዝኛ መናገራቸው በቂ ነበር። ሥራው ደግሞ አደጋም ነበረበት። ግሪፊስ አገሩን ከረገጠ ብዙም ሳይቆይ፣ ዳላስና ሪንግ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን መምህራን ቶኪዮ መንገድ ላይ በምሽት በሰይፍ ተቆራርጠው ተገኙ። ሁለቱም ተረፉ፤ ካስታመሟቸው አንዱ ግሪፊስ ራሱ ነበር። ከፍ ያለው ደመወዝ ለዚህም ካሳ ነበር ማለት ይቻላል።

ጃፓኖቹ ግን ይህን ሁሉ ገንዘብ ለዘለዓለም ሊከፍሉ አላሰቡም። የእያንዳንዱ ባዕድ ውል በዓመታት የተወሰነ ነበር፤ በጎኑም አንድ ጃፓናዊ ወይ ከእሱ ሥር ይማራል ወይ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ይላካል። ተማሪው ሲመለስ ባዕዱ ይሰናበታል። አገራችን ውስጥ ጃፓንን እንደ አርአያ ያዩ ምሁራንን የማረከው ይህ ቆራጥነት ይመስለኛል፤ የ1931 ሕገ መንግሥታችን በሜይጂው ሕገ መንግሥት አምሳል ሲረቀቅና ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በዚያው ዓመት ወደ ቶኪዮ ሲጓዙ፣ ያች አገር ከባዕዳን መምህራኖቿ በአብዛኛው ተላቃ ቆይታለች።

የመላቀቁ ዋጋ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ እንዴት እንዳረፈ የሚያሳይ ከላፍካዲዮ ኸርን የተሻለ አይገኝም። በ1850 በግሪክ ደሴት የተወለደ፣ በአየርላንድ ያደገ፣ በአሜሪካ በጋዜጠኝነት የኖረ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነው። በ1890 ዮኮሃማ ደረሰና በዚያው ዓመት በማትሱዌ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እንዲያስተምር በወር 100 የን ተቀጠረ። ቀሪዋ ዓይኑም ደካማ ስለነበረች ወረቀቱ ወደ ፊቱ እንዲቀርብለት ከሌላው ሰው ጠረጴዛ ከፍ ያለ መጻፊያ አሠርቶ፣ አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ጎንበስ ብሎ ይጽፍ ነበር። ኮይዙሚ ሴትሱ የተባለች የሳሙራይ ልጅ አገባ። በ1891 ወደ ኩማሞቶ ሲዛወር ደመወዙ እጥፍ ሆኖ 200 የን ደረሰ፤ በዚህ ገንዘብ እሱና ሚስቱ ብቻ ሳይሆኑ የሚስቱ ቤተ ዘመድም ይኖሩበት ነበር።

ጭንቁ የጀመረው ልጅ ሲወለድ ነው። በጊዜው ሕግ ሚስቱ የባዕድ ሚስት ሆና ብትመዘገብ ዜግነቷን ታጣለች። እሱ ጃፓናዊ ቢሆን ደግሞ ደመወዙ ወደ ጃፓናዊ ልክ ይወርዳል ብሎ ሰጋ። ብዙ አመነታ። በመጨረሻ በ1896 ቤተሰቡን መርጦ ኮይዙሚ ያኩሞ የሚባል ጃፓናዊ ሆነ። በዚያው ዓመት የቶኪዮ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ እንዲያስተምር ሲጠራው፣ ዜግነቱ ቢለወጥም የባዕድ ደመወዝ፣ በወር 400 የን፣ ተፈቀደለት። ንግግሩን ቀስ እያለ፣ ቃል በቃል ሊጻፍ በሚችል ፍጥነት ይሰጥ ስለነበር ተማሪዎቹ በደብተራቸው የገለበጡት ከሞተ በኋላ መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል።

እሱ ኩማሞቶን ለቆ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በዚያው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እንዲያስተምር ናትሱሜ ሶሴኪ ተቀጠረ፤ በኋላ የጃፓን ታላቅ ደራሲ የሆነው ማለት ነው። ደመወዙ 100 የን፣ የኸርን ግማሽ ነበር። የሚገርመው፣ ሶሴኪ ከዚያ በፊት በማትሱያማ ሲያስተምር 80 የን ይከፈለው ነበር፤ ርእሰ መምህሩ 60 የን እያገኘ። ምክንያቱ የያዘው ቦታ ለባዕድ መምህር የተመደበ ስለነበር ነው። ወንበሩ ራሱ የባዕድ ዋጋ ነበረው፤ የተቀመጠበት ሰው ጃፓናዊ ሲሆን ቅንስናሹ ብቻ ደረሰው።

መንግሥት ሶሴኪን በ1900 ለንደን ላከው፤ በዓመት 1,800 የን እየተቆረጠለት ሁለት ዓመት በብቸኝነትና በጭንቀት ተማረ። በ1903 መጀመሪያ ላይ ዩኒቨርሲቲው ለኸርን ውሉ እንደማይታደስ የሚገልጽ ደብዳቤ ላከ። ተማሪዎቹ ተቆጡ፤ ተሰብስበው አቤት አሉ። ዩኒቨርሲቲው ሰዓቱን ቀንሶ ሊያቆየው ቢሞክርም ክብሩ ተነክቷልና አልተቀበለም። የእሱን ሥራ ለሦስት አካፈሉት፤ ከሦስቱ አንዱ ሶሴኪ ነበር፤ በዓመት 800 የን። ኸርን ሲቀጠር የተፈቀደለት በዓመት 4,800 ነበር። ለሶሴኪ የተሰጠው ሰዓት ከኸርን ያነሰ ቢሆንም ልዩነቱ የሰዓት ብቻ አልነበረም። ሶሴኪ ኑሮውን ለመሙላት በሌላ ትምህርት ቤትም በዓመት 700 የን ደርቦ ይሠራ ነበር፤ በ1907 አሳሂ ጋዜጣ በወር 200 የን ሲያቀርብለት ማስተማሩን እርግፍ አድርጎ ተወ። ኸርን ከሥራ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1904 መስከረም፣ አራት ልጆች ትቶ ሞተ።

ሁለቱም ሰዎች ተጎድተዋል ብዬ አምናለሁ። አንዱ ለአገሩ ሰው የማይከፈል ገንዘብ ስለተከፈለው፣ ገንዘቡ ሲነሣ ቦታውንም አብሮ አጣ። ሌላው ከእሱ ያነሰ ሳያውቅ፣ አገሬው ስለሆነ ብቻ ተቀነሰበት። ደመወዙ ለሙያው ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ተቀራራቢ በሆኑ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰማንያ ዓመት በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። በ1922 የትምህርት ሚኒስቴር ሃሮልድ ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ የቋንቋ ትምህርት ሊቅ ጋበዘ፤ እስከ 1936 ድረስ መምህራን ሲያሠለጥንና የማስተማሪያ ዘዴ ሲቀርጽ ቆየ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ እንግሊዝኛ የጠላት ቋንቋ ተባለና ባዕዳን መምህራኑም ተበተኑ። ከ1945 በኋላ አሜሪካኖቹ አገሩን ሲይዙ እንግሊዝኛ ዳግም ተፈላጊ ሆነ፤ ኢኮኖሚው ሲያንሰራራም በባቡር ጣቢያዎች አካባቢ የንግግር ትምህርት ቤቶች በቀሉ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1987 ነው። የጃፓን መኪናና ቴሌቪዥን የአሜሪካን ገበያ ሞልቶ ዋሽንግተን በንግድ ሚዛኑ ስትቆጣ፣ የጠቅላይ ሚኒስትር ናካሶኔ መንግሥት ከመፍትሔዎቹ አንዱ አድርጎ ጄት የተባለውን ፕሮግራም አቀረበ፦ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ወጣቶች እየመጡ በየትምህርት ቤቱ የአገሬውን መምህር ይረዳሉ። በመጀመሪያው ዓመት ከአሜሪካ፣ ከብሪታኒያ፣ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ 848 ሰዎች መጡ። የሚጠየቀው የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ነበር፤ የመምህርነት ሥልጠና አልተፈለገም። ደመወዙ ግብር ተቀንሶ በዓመት 3.6 ሚሊዮን የን፣ በወር 300,000 የን ማለት ነው። በጊዜው ምንዛሪ ከ2,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በ1995 ፀደይ አንድ ዶላር በ80 የን ሲመነዘር ያው ደመወዝ 3,750 ዶላር ያህል ወጣለት። ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ የተማሪ ብድር ያለበት አንድ የኦሃዮ ወይም የዮርክሸር ልጅ ብድሩን ከፍሎ፣ እስያን ዞሮ፣ ጥሪት ይዞ ይመለስ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ግን ሌላ ነው። አርባ የሚጠጉ ተማሪዎች በረድፍ ተቀምጠዋል። ጃፓናዊው መምህር መማሪያ መጽሐፉን ገልጦ ሰዋስዉን በጃፓንኛ ያብራራል፤ በመሐል ለባዕዱ ምልክት ይሰጠዋል። ባዕዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ያነባል፤ አርባው ድምፅ አብሮ ይደግመዋል። ሌላ ያነባል፤ ይደግሙታል። ከዚያ ወደ ጥግ ይመለሳል። ብዙዎቹ ራሳቸውን በሕይወት ያለ ቴፕ ሪከርደር ነን ይሉ ነበር። ወጣቶቹን አልወቅስም፤ ማስተማር ሳያሠለጥኑ ልከው በክፍል ማዕዘን ያቆሟቸው ሌሎች ናቸው። ፕሮግራሙ በ2002 ከስድስት ሺህ በላይ ሰው ሲያቅፍም፣ ከጥቂት ዓመታት በላይ የሚያቆይ ውል አልነበረውም። ሥራው መጀመሪያ እንጂ መቀጠያ የለውም።

በገበያው በኩል ደግሞ በ1981 ኦሳካ ላይ የተመሠረተው ኖቫ ነበር። ቅርንጫፎቹን በባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት እየተከለ፣ የውጭ አገር ትምህርትን ጣቢያው በር ላይ አመጣሁ ብሎ እያስተዋወቀ፣ በአገሩ ትልቁ የቋንቋ ትምህርት ቤት ለመሆን በቃ። አራት መቶ ሺህ ያህል ተማሪዎችና አራት ሺህ ያህል ባዕዳን መምህራን ነበሩት። ተማሪው ለብዙ መቶ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ክፍያ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ያ ገንዘብ ሌላ ቅርንጫፍ ይከፍታል፤ አዲሱ ቅርንጫፍ አዲስ ቅድሚያ ክፍያ ያመጣል። መምህሩ የሚያገኘው በወር 250,000 የን እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር፤ ይህ አኃዝ በንግግር ትምህርት ቤቶች ሁሉ የተለመደ ሆኖ ለዓመታት ሳይነቃነቅ ቆይቷል። በዘርፉ በርካታ ውሎች የሳምንቱን ሰዓት ከ30 ጥቂት ዝቅ አድርገው ይጽፉ ነበር፤ አሠሪው የጤና መድንና የጡረታ ድርሻውን ላለመክፈል።

በ2007 ሚያዝያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኖቫ ውል ያቋረጡ ተማሪዎችን ገንዘብ የሚመልስበት ስሌት ሕገ ወጥ ነው አለ። ሰኔ ላይ የኢኮኖሚ ሚኒስቴሩ ድርጅቱ የረጅም ጊዜ ውል እንዳይሸጥ ለስድስት ወር አገደው። ቅድሚያ ክፍያው ሲቆም ሁሉም ነገር ቆመ። መስከረም ላይ ደመወዝ ዘገየ፤ ጥቅምት ላይ ጭራሽ አልመጣም። ይህን ሳስብ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ የቤት ኪራዩ ነገር ነው። ብዙ መምህራን ድርጅቱ በተከራየላቸው አፓርታማ ይኖሩ ነበር፤ ኪራዩ በየወሩ ከደመወዛቸው ይቆረጣል። የተቆረጠው ለአከራዩ እንዳልደረሰ ያወቁት የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ በራቸው ላይ ሲለጠፍ ነው። ጥቅምት 26 ቀን ድርጅቱ የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ። የሠራተኛ ማኅበሩ ለቀድሞ ተማሪዎች ጥሪ አቀረበ፦ ትምህርት እንሰጣለን፣ በምግብ ይከፈለን። ከሚኒስትር እኩል የተከፈለው መምህር ተተኪዎች ለአንድ ሳህን ምግብ ያስተምሩ ጀመር። ባለቤቱ ሳሃሺ ኖዞሙ የሠራተኞችን ገንዘብ ያለ አግባብ በማዋል በ2009 ተፈረደበት።

ኖቫ ብቻውን አልወደቀም። ጂኦስ የተባለው ሌላው ታላቅ ሰንሰለት በ2010 ከሰረ። በዚያው በ2007 ቶኪዮ ውስጥ የተመሠረተው ሬርጆብ ደግሞ ፊሊፒናውያን መምህራንን ከየቤታቸው በኢንተርኔት ከጃፓናዊ ተማሪ ጋር ማገናኘት ጀመረ፤ 25 ደቂቃ ትምህርት፣ ጣቢያ ፊት ለፊት ከነበረው ዋጋ በጥቂቱ። ፊሊፒናዊቷ መምህርት ከብዙዎቹ ቀድመው ከመጡት ወጣቶች የተሻለ ሥልጠና ሊኖራት ይችላል። ነገር ግን ከክፍያው ልዩነት ምን እንደሚመዘን ይታያል፦ ፓስፖርቱ።

በመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ነገሩ ተንሸራቷል። የከተማ የትምህርት ቦርዶች የጄት ወጣትን ማስተናገድ ሲከብዳቸው ወደ ሠራተኛ አቅራቢ ድርጅቶች ዞሩ። ቦርዱ ጨረታ ያወጣል፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል፤ የአሸናፊው ትርፍ ከመምህሩ ደመወዝ ይወጣል። በዚህ መንገድ የተቀጠረ መምህር የወር ገቢው ከ200,000 የን ብዙም አይርቅም፤ ትምህርት በማይኖርባቸው የዕረፍት ወራት ደግሞ ብዙ ውሎች ክፍያውን ይቀንሳሉ። ከ2020 ጀምሮ እንግሊዝኛ በአምስተኛና በስድስተኛ ክፍል መደበኛ ትምህርት ሲሆን የመምህር ፍላጎት ጨመረ፤ ደመወዙ ግን አብሮ አላደገም። በአንጻሩ ጃፓናዊው ባልደረባው በአገልግሎት ዘመኑ እየተጨመረለት፣ ጉርሻና ጡረታ እየታሰበለት ይቀጥላል። የባዕድ ወንበር ዋጋ አሁን ከአገሬው በታች ሆኗል።

ጄትም ራሱ በ2012 የመጀመሪያ ዓመት ደመወዙን ወደ 3.36 ሚሊዮን የን፣ ያውም ግብር ሳይቀነስ፣ አወረደ። ከዚያ የኑ ወደቀ። በ2024 ሐምሌ አንድ ዶላር ከ160 የን በላይ ሲመነዘር፣ የአዲስ ገቢው የወር ደመወዝ 1,750 ዶላር አልሞላም። በ1987 የመጡት ካገኙት ያንሳል፤ በመካከሉ ያለፉት 37 ዓመታት የዋጋ ንረት ሳይታሰብ። ከ2025 ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት ወደ 4.02 ሚሊዮን የን ከፍ ተደርጓል።

ዛሬ በዚህ ሥራ መኖር የቻሉት እነማን እንደሆኑ ብትጠይቁ፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘው ዩኒቨርሲቲ የገቡ፣ የጃፓን የመምህርነት ፈቃድ ያወጡ፣ ወይም የራሳቸውን ትንሽ ትምህርት ቤት በአንድ መንደር የከፈቱ ናቸው። የቀሩት፣ በተለይ በሠራተኛ አቅራቢ በኩል የሚሠሩት፣ ኑሯቸው ከእጅ ወደ አፍ ነው። የጃፓን የትምህርት ዘመን መጋቢት ላይ ያልቃል። ጨረታው የሚወጣው በዚያው ሰሞን ነው፤ ድርጅቱ ካላሸነፈ መምህሩ አምስት ዓመት ያስተማራቸውን ልጆች ትቶ ሌላ ከተማ ይፈልጋል፣ ካሸነፈ ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያው ደመወዝ ይፈርማል።